«አትፈላሰፉ!» ለሚለን ጽሑፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ የተሰጠ ምላሽ

በአማርኛ «ፈላስፋ» የክብር ስም ነው፤ «አትፈላሰፍብኝ» ግን ተግሣጽ ነው። ሰውየው ሩቅ አገር እስከኖረ፣ ይልቁንም ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት እስካለፈው ድረስ ስሙን በአክብሮት እናነሣለን። አጠገባችን ተቀምጦ «ለምን?» ማለት የጀመረ ዕለት ግን ግሡን እናወጣበታለን። ሰሞኑን አንድ ባልደረባዬ አትሞ የመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ያኖረው ጽሑፍም ይህንኑ ግሥ በጨዋ ቋንቋ ዘርግቶ ስድስት ገጽ አድርጎታል።

ጸሐፊው ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ፍልስፍናን ወደ ክፍል እናስገባ የሚሉ ሰዎች ክፍሉን አያውቁትም፤ ከ60 በላይ ተማሪ በታጨቀበት ቦታ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ መጠያየቅ አይቻልም። ተማሪ ከመጠየቁ በፊት ማወቅ አለበት፤ ከባዶ እንስራ ውኃ አይቀዳም። መጠየቅ የባዕድ ልማድ ነው፤ ልጅን ከታላላቆቹ ጋር ያጋጫል፤ የክፍሉን ሕግ የሚያወጣውም መምህሩ ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዲህ በወረደበት ጊዜ የሚያስፈልገው ልምምድ እንጂ ክርክር አይደለም። ፍልስፍና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ እዚያው ይቆይ። በመጨረሻም፣ የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን መምህር ፕላቶንን አታሸክሙት።

እኔ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከጸሐፊው ነጥቦች በአንዱ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በአንዱ ግማሽ ለግማሽ፤ በቀሩት አልስማማም። መጀመር የሚገባኝ ግን ራሴን በመክሰስ ነው። እርሳቸው የሚያፌዙበትን ዓይነት ትምህርት አንድ ቀን ሰጥቻለሁና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ክረምቱን ስለ ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ ስለ ሶቅራጥስ ሳነብ ከርሜ፣ ንባቡም ሞቅ አድርጎኝ፣ ትምህርት እንደተጀመረ 7ኛ ክፍል ገባሁና ሰሌዳው ላይ በትልቁ «እውነት ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። 63 ልጆች አፍጥጠው አዩኝ። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ ውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ልቤ በደስታ ዘለለ። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?» አለኝ። ያን ዕለት ጸሐፊው ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ስድስቱ ገጽ አሥር ይሆን ነበር፤ አንድ ቃልም አላነሣባቸውም ነበር። ፍልስፍናን እንደ ተጨማሪ የትምህርት ዓይነት ተሸክሜው ገባሁ፤ ልጆቹም በተገቢው ሚዛን መዘኑትና መለሱልኝ። የፈላስፋ ስም ባይሰሙ ምንም አይጎድልባቸውም ነበር። የጎደለው ሌላ ነው፦ ፈላስፎቹ የሚጠይቁበትን መንገድ ለዕለቱ ትምህርት፣ ለዚያው ለሒሳቡ፣ ማዋል ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ነጥብ፣ የክፍል መጨናነቅና የጊዜ ማነስ፣ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት አለብኝ።

«ሜኖን» በሚባለው የተማሪው የፕላቶን ድርሳን ውስጥ ሶቅራጥስ ጂኦሜትሪ ተምሮ የማያውቅ አንድ አገልጋይ ልጅ ጠርቶ ካሬ ይሥልለታል። ጎኑ ሁለት ጫማ፣ ስፋቱ አራት። ስፋቱ እጥፍ እንዲሆን ጎኑ ስንት ይሁን? ልጁ ሳያመነታ «እጥፍ ነዋ» ይላል፤ ስፋቱ ግን ስምንት መሆኑ ቀርቶ አሥራ ስድስት ይሆናል። ወደ ሦስት ዝቅ ያደርገዋል፤ ዘጠኝ ይሆናል። ከዚያ ግራ ይገባዋል። ሶቅራጥስም ዘወር ብሎ የልጁን ጌታ ሜኖንን ይጠይቀዋል፦ ይህን ልጅ ግራ በማጋባታችን ጎዳነው ወይስ ጠቀምነው?

ይህን ጥያቄ እኛ ሰፈር ማምጣት ቀላል ነው። በከተማው ዳርቻ የሚያድግ ልጅ «ካሬ» የሚለውን ቃል የሚሰማው ከሒሳብ መምህሩ ቀድሞ ከደላላ አፍ ነው። ስለዚህ 8ኛ ክፍል ገብቼ እንዲህ አልኩ፦ «100 ካሬ ቦታ አላችሁ፤ አሥር በአሥር። ቅርጹ ሳይለወጥ 200 ካሬ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ጎኑ ስንት ሜትር ይሁን?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሃያ!» አለ። «ልክ ነው» አላልኩም፤ «ስሕተት ነው»ም አላልኩም። «በሉ ሣሉትና ቁጠሩት» አልኳቸው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ቀድማ ቀና አለች፤ «አራት መቶ መጣ! ሰው መሬት ውስጥ ገባን!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድንበር መግፋት ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። «እንግዲያው አሥራ አምስት» አሉ። 225 ሆነ። «አሁንም ገፍተናል» አለች ልጅቷ። ከዚያ በኋላ ጸጥ አሉ፤ ይህኛው ጸጥታ ግን እርሳስ የሚንጫጫበት ጸጥታ ነበር።

በመካከሉ አንድ ልጅ፣ ቤተሰቦቹ የአካባቢው ነባር ገበሬዎች የሆኑ፣ «በእኛ ቤት መሬት የሚለካው በበሬ ነው» አለ። ሊስቁበት ነበር። እኔም በልቤ «ከርዕሱ ወጣ» ብዬ ላልፈው ዳድቶኝ ነበር፤ እንኳን አላለፍኩት። ጥማድ የሚባለው አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። «ሁለት ጥማድ መሬት ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሁለት ቀን።» «ጎኑስ እጥፍ ይሆናል?» ጥቂት አሰበና «መሬቱ እጥፍ ሆነ እንጂ ጎኑን ማን አየው!» አለ። የስፋትንና የጎንን ልዩነት በዚህ ዓይነት አጭር ቃል የገለጸ መጽሐፍ እኔ አላየሁም። የደወሉ ሰዓት ሲቃረብ ሌላ ልጅ መቶውን ካሬ ከጥግ ወደ ጥግ ሰንጥቆ «ግማሹ 50 ነው፤ እንዲህ ዓይነት አራት ግማሽ ብንሰበስብ 200 ይሆናል» አለ። አራቱ ግማሾች ሲጋጠሙ የአዲሱ ካሬ ጎን ያ የሰነጠቀበት መስመር ራሱ ሆነ፤ ከ14 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል።

ይህ ሁሉ 25 ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ የዕለቱን መልመጃም አላስጨረስኩም። ጸሐፊው ይህን «ብክነት» ይሉታል። እኔ ደግሞ ሒሳቡን የማወራርደው በወሩ መጨረሻ ነው። የፓይታጎረስ ቲዎረም ላይ ስንደርስ ለሦስት ክፍለ ጊዜ ያቀድኩትን በሁለት ጨረስኩ፤ ልጆቹ ነገሩን «የድንበሩ ካሬ» እያሉ ያስታውሱት ነበርና።

ሶቅራጥስ ያነጋገረው አንድ ልጅ ነው፤ የእኔ 63 ናቸው። ልክ ነው፤ ከ63 ልጆች ጋር አንድ በአንድ መነጋገር አልችልም። ነገር ግን በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው በመቀመጣቸው ስናማርር የኖርንበት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመኛል፦ 21 ዴስክ ማለት 21 ትንሽ ጉባኤ ነው። ጥያቄውን እጥላለሁ፤ ሁለት ደቂቃ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ከአራት ወይም ከአምስት ዴስክ እሰማለሁ። ጫጫታ አለው፤ አልዋሽም። መጀመሪያ ሰሞን ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፍተው «ይኼ ደግሞ ምን ገበያ ነው?» ብለውኛል። ገበያ መባሉ አልከፋኝም፤ ገበያ ውስጥ ሁሉም ሰው ያስባል።

ስለ ጊዜ ሌላም የምለው አለ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ጥበቃው ወደ ሦስት ሴኮንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ መልስ የማይሰጠውም ቀነሰ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ራሴን ታዘብኩ። እኔ እንዲያውም ጠይቄ፣ ራሴ መልሼ፣ «ገባችሁ?» ብዬ፣ «አዎ» አሰኝቼ አልፍ ነበር፤ አራቱም በአንድ ትንፋሽ። ሦስት ሴኮንድ ዝም ማለት ከ40 ደቂቃ ምን ያጎድላል? ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ዝም ያለ መምህር የማያውቅ ይመስላል፤ እኛ ደግሞ ከምንም በላይ የምንፈራው ይህን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የባዶው እንስራ ነው፤ ግማሽ ለግማሽ ያልኩትም እዚህ ላይ ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል አስጠናለሁ፤ አላፍርበትም። አሥራ አምስት ሲባዛ በአሥራ አምስት ስንት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ድንበር መግፋቱንም አያውቅም። ነገር ግን እንስራው ባዶ ነው ያለው ማን ነው? እኛ ሰፈር የ8ኛ ክፍል ልጅ የባጃጅ ሒሳብ ለሦስት ሲካፈል፣ የጀሪካን ውኃ በምን ያህል እንደሚሸጥ፣ ዝናብ ሲጥል በየትኛው መንገድ ጭቃ እንደሌለ ያውቃል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ ማሰብ የሚጀምረው ከጥርጣሬና ከግራ መጋባት ነው ሲል፣ በአንድ በኩል ይህን ማለቱ ይመስለኛል፦ ግራ የሚጋባው ቀድሞ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ልጆቹ «ሃያ!» ብለው የጮኹት ባዶ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚያውቁት ነገር ስላሳሳታቸው ነው። የዚያ ዓይነት ስሕተት በላዩ ላይ ሌላ ዕውቀት ስለፈሰሰበት አይጠፋም፤ ተጠይቆ ካልወጣ ከሥር ይቀመጣል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሳይጠቀሙበት የቀሩት አንድ ብርቱ ክርክር ነበራቸው፤ እኔ ልስጣቸው። የአገራችን የቆየ ትምህርት የሚጀምረው በቃል በማጥናት ነው። የቆሎ ተማሪው ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል፤ «ለምን?» የሚለው የለም። ይህ እውነት ነው። ግን ቅኔ ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? ተማሪው ግሥ እያጠና፣ ሰዋስዉ ገና ሳይጠናለት፣ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ድረስ «እንስራህ እስኪሞላ ጠብቅ» የሚለው የለም። የጓደኛውን ቅኔ ሰርቆ ቢያቀርብ ነውር ነው፤ የሚጠበቅበት አዲስ ነው። መምህሩ ያርመዋል፣ ያቃናዋል፣ አንዳንዴም ያፈርሰዋል። ማጥናቱና መፍጠሩ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እኔ ለ7ኛ ክፍል የምፈልገው ጉባኤ ቃና የሚያህል ጥያቄ ነው፤ መወድሱ ይቆየን።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያሻግረኛል፤ መጠየቅ ባዕድ ነው ወደሚለው። ብዙ ሰው እንዲህ ሲባል የሚመዘው ዋሻ ውስጥ ሆኖ ተፈላሰፈ የሚባለውን ዘርዓ ያዕቆብንና «ሐተታ» የተባለውን መጽሐፉን ነው። እኔ አልመዘውም። ሐተታው በ17ኛው መቶ ዘመን ተጻፈ የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የለም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ የጻፈው ነው የሚሉም ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። ክፍሌ ያ ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። በተጨማሪም የአንድን ብቸኛ ሰው ዋሻ ፍለጋ ከመሄድ፣ ሕዝብ በየአደባባዩ ሲሠራበት የኖረውን ማየት ይቀለኛል። በቀድሞው የአደባባይ ሙግት በላ ልበልሃ ተብሎ የሚሟገተው ባለጉዳይ ተጠየቅ እያለ ባላጋራውን በጥያቄ ሲያፋጥጠው አቴና ደርሶ አልተመለሰም። እኛ አጠገብ ያሉት የኦሮሞ አባቶች ኦዳ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተራ በተራ ነገር ሲያነሡና ሲጥሉ የኖሩት ከውጭ አገር መጽሐፍ ተምረው አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ግን አንድምታ ነው። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ይዞ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ ትርጓሜውን ይደራርበዋል። እኔም ይህችን «አንድም» ሰርቄ ሒሳብ ክፍል አስገብቻታለሁ። የ80 ሃያ አምስት በመቶ ስንት ነው? አንዱ ለአራት ያካፍለውና 20 ይላል። «አንድም?» እላለሁ። ሌላዋ አሥር በመቶው 8፣ ሌላ አሥር በመቶ 8፣ አምስት በመቶው 4 ብላ ደምራ 20 ላይ ትደርሳለች። አሁን እኔ ባልል እንኳ ልጆቹ ራሳቸው «አንድም?» ይላሉ። ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ይላታል፤ ቃሏ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ የለም፤ አንድ ቀን ሲጠይቁ እነግራቸዋለሁ።

ስለ መከባበር ያሉትን ግን በቀልድ አላልፈውም። ጸሐፊው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው የክፍሉ ሕግ የመምህሩ ብቻ ነው ይላሉ። ተረቱ ስለ እራት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማቡካት የምትማረው ግን አብኩታ ነው። አሪስቶትል ግንበኛ የሚሆኑት በመገንባት፣ ፍትሐዊ የሚሆኑትም ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ነው የሚለው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ልጆች ደረሰን። መጽሐፉን ማን፣ መቼ ወደ ቤት ይውሰድ? ዱሮ ቢሆን እኔ ወስኜ፣ በሳምንቱ ሦስቱም ተጣልተው ይመጡ ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው አንድ ሐሳብ አለ፦ ሕግ የሚያወጡ ሰዎች በሚወጣው ሕግ ሥር የራሳቸው ቦታ የት እንደሚሆን ሳያውቁ፣ ከአለማወቅ መጋረጃ በስተጀርባ ሆነው ቢወስኑ ፍትሐዊውን ይመርጣሉ። ይህን ለ13 ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል? የኮንዶሚኒየም ልጆች ናቸውና አልተቸገርኩም። «ዕጣ ሳይወጣ በፊት እንወስን» አልኳቸው። «ከሦስታችሁ ማን ሩቅ ሰፈር እንደሚደርሰው፣ የማን ቤት መብራት እንደሚጠፋ፣ ማን ከትምህርት በኋላ ሥራ እንደሚያግዝ አታውቁም እንበል። ምን ዓይነት ሕግ ትመርጣላችሁ?» ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። የደረሱበት ሕግ እኔ የማላስበው ነበር፦ በአዘቦት ቀን በተራ፣ ቅዳሜና እሑድ በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ያገዘው ይውሰድ፤ የፈተና ሳምንት ማንም ወደ ቤት አይወስድም፤ ክፍል ቀርተን አብረን እናነባለን።

ሕጉ ሠራ? በአብዛኛው። አንድ ልጅ መጽሐፉን አራት ቀን ቤቱ አስቀምጦ ሁለቱ ጓደኞቹ ከሰሱት። ምክንያቱን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ቸኩዬ ቀጣሁት። ፈላስፋነቴን የረሳሁበት ቀን ነው። በማግሥቱ ከከሳሾቹ አንዷ መጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ ግን ሕጉ ውስጥ ቅጣት አለ ብለው አልነገሩንም» አለችኝ። ጸሐፊው ይህን ድፍረት ይሉት ይሆናል። ልጅቷ «እርስዎ» ብላ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ትክክል የሆነ ነገር ነገረችኝ። ቅጣቱን አነሣሁ።

ወላጅስ? እርሱም ደርሶብኛል። ጉሊት የሚሸጡ የአንዲት ተማሪ እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «መምህር፣ ልጄን ምን አስተማሯት?» አሉኝ። ልጅቷ ማታ ማታ «ውኃ ሁልጊዜ የምቀዳው እኔ ብቻ የሆንኩት ለምንድን ነው? ወንድሜስ?» እያለች መጠየቅ ጀምራለች። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝና «ጥያቄዋስ ልክ ነው» አሉ፤ «እኔ የምለው፣ እስኪጣራ ድረስ ውኃውን ማን ይቅዳልኝ ነው።» ለእኚህ እናት እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ልጃቸው አልናቀቻቸውም ግን፤ እርሳቸውም እንደናቀቻቸው አልቆጠሩትም። አስቸገረቻቸው። መቸገርና መናቅ አንድ አይደሉም፤ ጽሑፉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሄደው።

አራተኛው፣ የፈተናው ነገር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ልምምዱን እናጠንክረው» ይላሉ። ለመሆኑ እስከ ዛሬ ምን ስናደርግ ነበር? እነዚህ ልጆች 12 ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ሲገለብጡ፣ ማስታወሻ ሲያጠኑ፣ ያለፈ ዓመት ጥያቄ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ጦርነት አለ፣ የመምህር ችግር አለ። ግን አንድ መድኃኒት ስንሰጠው የኖርነው በሽተኛ ከባሰበት፣ መጠኑን እጥፍ ከማድረጋችን በፊት መድኃኒቱን መመርመር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በክፍሌም የማየው ይህንኑ ነው፦ የካሬ ስፋት «ጎን ሲባዛ በጎን» መሆኑን ያላጠና ተማሪ የለም፤ ዙሪያው 40 ሜትር የሆነ ካሬ ስፋቱ ስንት ነው ሲባል ግን ብዙዎቹ «የትኛው ቀመር ነው?» ብለው ያዩኛል። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው እንዲህ አድርጎ ነው።

አምስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ፍልስፍና ዩኒቨርሲቲ ይቆይ ይላሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሎጂክና የሒሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ይወስዳሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን እላይ የቆጠርናቸውን ቁጥሮች ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው ያመጧቸው። ሪሜዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ብንጨምር እንኳ ብዙኃኑ ልጅ የዩኒቨርሲቲ በር አይረግጥም። ባጃጅ የሚነዳው፣ ሱቅ የሚጠብቀው፣ ውል የሚፈርመው፣ ደላላ የሚያታልለው እርሱ ነው። መነሻን ከመደምደሚያ መለየት ለማን ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው? ማቲው ሊፕማን የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ሲያስተምር ትምህርቱ ለተማሪዎቹ ዘግይቶ እንደመጣ ተሰማው። ፊቱን ወደ ሕፃናት አዙሮ በ1974 እ.ኤ.አ. ለልጆች ፍልስፍና የተቋቋመ ተቋም የመሠረተውም ከዚህ በኋላ ነው።

ስድስተኛው የመምህሩ ኑሮ ነው። እዚህ ላይ ምላሽ የለኝም፤ ከጸሐፊው ፊርማ ሥር ፊርማዬን አኖራለሁ። ደመወዜ ኪራዬን ከፍሎ ወሩን አያደርሰኝም። ሥልጠና ሊሰጡን የሚመጡ ሰዎች ስለ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ሲያብራሩ፣ ከአጠገቤ የተቀመጠው መምህር የታክሲ ሳንቲሙን በጣቱ ሲቆጥር አይቻለሁ። ለእርሱ ፕላቶንን አንብብ ማለት ያሳፍራል፤ እኔም አልለውም።

አንድ ነገር ብቻ ላርም። ጸሐፊው መጠየቅ ለደከመ መምህር ተጨማሪ ሸክም እንደሆነ አድርገው ጽፈዋል። እኔ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ስጮኽ የምውል ሰው ነበርኩ። ማታ ማታ ድምፄ ይዘጋና ባለቤቴ ዝንጅብል ታፈላልኝ ነበር። ጥያቄ ጥዬ ዝም ማለት ከለመድኩ ወዲህ ከስድስቱ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ሁለቱን የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው። ቤታችን ውስጥ የዝንጅብል ወጪ ቀንሷል።